መሲ እህል ያቆመችበት ሁዳዴ

ይህን የምጽፈው ሐኪም ለልጃቸው «እህል አቁሙ፣ ቅቤ አብሉ» ብሎ ላዘዛቸው እናቶች ነው። ብዙ እንደማትሆኑ አውቃለሁ። እኔም ያኔ ጅማ ከተማ ውስጥ እንዲህ የታዘዘላት አንዲት እናት ባገኝ ብዬ ያልጠየቅሁት ሰው የለም፤ አላገኘሁም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሕክምና ላስተምር አልችልም። ያየሁትን፣ የፈራሁትንና በኋላ የገባኝን ብቻ ነው የምናገረው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። የምንኖረው በቾ ቦሬ በሚባለው ሰፈር ነበር። ባለቤቴ ተሰማ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር በረድፍ ተቀምጬ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እለያለሁ። የመጀመሪያ ልጃችን መሠረት፣ መሲ የምንላት፣ ስድስት ዓመቷ ነበር።

ሲጀምራት ሕመም አይመስልም። እጇን እየታጠበች ቀጥ ትላለች። ውሃው ይፈሳል፣ እሷ አታይም፣ ስጠራት አትሰማም። ትንሽ ቆይታ ምንም እንዳልሆነ ሰው መታጠቧን ትቀጥላለች። «አንቺ ልጅ፣ ልብሽ የት ነው የሚሄደው?» እያልኩ እቆጣት ነበር። አስተማሪዋም ፈዛዛ ናት አለችኝ። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ወስፋት ነው ተብሎ የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት። ሌላ ጊዜ ወባ ነው ተባለና ያን መራራ ክኒን እያለቀሰች ዋጠች። ሁለቱም አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል፣ በርበሬ ስንገዛ፣ እጄን ለቃ ወደቀች። አረፋ ደፈቀች፣ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ሰው ከበበን። አንዱ ሽታው ይቀሰቅሳታል ብሎ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ስር ያዘ፤ ከንፈሯ ላይ የተቃጠለችው ምልክት ዛሬም አለች። ክብሪት አትጫሩ። በጎኗ አስተኝታችሁ፣ አጠገቧ ያለውን ድንጋይና ስለት አርቃችሁ እስኪያልፍላት ጠብቁ። ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሆስፒታል የሚጥል በሽታ ነው ብለው ነጭ ክኒን ሰጡን። ክኒኑ አስተኛት እንጂ አላዳናት። ክፍል ውስጥ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትተኛለች፣ ስትነሳ ደግሞ ይጥላታል። ቢጨምሩላትም ያው ሆነ። ተሰማ «ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም» ብሎ በሰቃ መንገድ ወዳለ ጸበል ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ። እዚያ በቆየንበት ጊዜ አንድም ቀን አልጣላትም። ደስታችንን መናገር አልችልም። ቤታችን በገባን ማግሥት፣ ቁርሷን ዳቦ በሻይ በልታ፣ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ወደቀች። ተሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ስለ ልጃችን ስንነጋገር እንደ ተጣላ ሰው ሆንን።

ወደ ሆስፒታሉ ተመለስኩ። በመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ስንት ጠዋት እንዳለፈ አልቆጠርኩም። ከሊሙና ከገራ በሽተኛቸውን በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱን እያየሁ የኔን ሕመም ቀላል ለማድረግ እሞክራለሁ፣ አይሆንልኝም። መሲ እቅፌ ውስጥ ቀጥ ስትል የማያት እኔ ብቻ ነበርኩ። በአጠገባችን ያለው ሰው የተኛች ነው የሚመስለው።

በዚያ ሰሞን አዲስ ሐኪም መጥተው ነበር፤ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

«የማይጥላት ጊዜ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይቆጡኛል ብዬ ፈራሁ፣ ግን ተናገርኩ። «ጸበል ስንሄድ አልጣላትም፣ ዶክተር።»

«እዚያ ምን ትበላ ነበር?»

«ምን ትበላለች? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያንኑ ጸበል ነው የምትጠጣው። ከዚያ በኋላም ከሽምብራ በቀር አልበላም ትል ነበር።»

«ቤት ስትገባስ?»

«ዳቦ በሻይ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ጸበሉን አልነካብሽም፣ እሱ የእምነትሽ ነው። እኔ ልብ ያልኩት ጾሟን ነው» አሉኝ። ሰውነት እህልና ስኳር ሲያጣ ሞራና ቅቤ ማንደድ እንደሚጀምር፣ ለአንዳንድ ልጅ ይህ የአንጎልን ረብሻ እንደሚያበርድ አስረዱኝ። «እንጨት ሲያልቅብሽ ምድጃሽን በከሰል እንደምታነጅው ማለት ነው። ለሁሉም ልጅ አይሆንም። ለመሲ ይሁን አይሁን ሞክረን ነው የምናውቀው።»

አስተኝተው ሊጀምሩላት ፈልገው አልጋ ጠፋ። ስለዚህ ቤት እንድጀምር፣ ክኒኑንም እንዳላቋርጥ፣ በየጊዜው እየመጣሁ እንዳሳያቸው፣ ስመጣም የምትበላውን በሳህን ይዤ እንድመጣ አዘዙኝ። እንጀራ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ስኳር፣ ማር፣ ሙዝ የለም። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጎመን። «የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዷታል። ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ትደክማለች። ውሃና ጨው እንዳይጎድልባት። ላብ ካጠመቃት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ አልነቃ ካለች ግን አንድም ሰዓት አትጠብቂ፣ ይዘሻት ነይ።»

ሁዳዴ ሊገባ ቀርቦ ነበር። የንስሐ አባታችንን ጠየቅሁ። «ልጅ ናት፣ ያውም በሽተኛ። አብያት» አሉኝ። ያም ሆኖ ነገሩ ቀላል አልነበረም። በጾም የክርስቲያን ሥጋ ቤት ይዘጋል። የእስላም ሥጋ ቤት ክፍት ነው፣ እኛ ደግሞ ከዚያ አንበላም። ስለዚህ የመሲ ምግብ እንቁላል በቅቤ፣ ቅቤ በጎመን፣ ጎመን በእንቁላል ሆነ። እኔና ተሰማ ሽሮ እንበላለን፣ እሷ ከፊታችን ቅቤ የሚዋኝበት ሳህን ይዛ ታለቅሳለች። «እማዬ፣ እንጀራ ጫፉን ብቻ» ትለኛለች። ጎረቤትም አላረፈም። «በጾም ቅቤ ያቁለጨልጫሉ» ብለው ያሙን ነበር።

ሐኪሙ ያሉት ሁሉ ደረሰ። በሁለተኛው ቀን ራሷን ይዛ ተኛች። ያቀረብኩላትን ቅቤ እንዳለ መለሰችው። አፏ እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ይሸት ጀመር፤ አንዲት ጎረቤት አሽትታት «ለልጅ አረቄ ትሰጫለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሽታው ሞራው መንደዱን የሚያሳይ እንደሆነ ሐኪሙ ነግረውኝ ነበር፤ ሳስበው ግን ልጄ ከውስጧ እየተበላሸች ይመስለኝ ነበር። ባቷን ቁርጠት ይይዛታል። ሆዷ ደርቆ ሽንት ቤት መውጣት አቃታት። ሌሊት ተነስቼ እጄን አፍንጫዋ ላይ አድርጌ ትንፋሿን እሰማለሁ።

ተሰማ ደግሞ አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አንጀቱ አልችል ብሎ ዳቦ በሻይ ነክሮ አጎረሳት። ሻዩም ስኳር ነበረው። ማታ ስመለስ ልጅቷ ወድቃ ተነስታ፣ ምላሷን ነክሳ፣ አባቷ ጭን ላይ ተኝታለች። «እኔ ነኝ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ምን እለዋለሁ? እሱም እኔም ያን ጊዜ ነው የገባን፤ እህል ካቆመች ወዲህ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አልጣላትም ነበር። ስለዚህ ነገሩ እየሠራ ነው። እየሠራ ነው፣ ልጄ ግን በዓይኔ ፊት እያለቀች ነው። እንደ አዲስ ጀመርን።

ያ ቀን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋት ስቀሰቅሳት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ጨፈነች። እጇን ባነሳው እንደ ጨርቅ ይወድቃል። ተሰማ ወጥቷል። «መሲ አልነቃ አለች!» ብዬ ጮኼ የጠራሁት ጎረቤቴን አዴ ነፊሳን ነው። አዴ ነፊሳ («አዴ» በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው) የጅማ ተወላጅ፣ ልጆች ያሳደጉ ትልቅ ሴት ናቸው። ለመሲ የሚሆን ብለው ከቀበሌ ሱቅ የደረሳቸውን የወር ስኳር በወረቀት ቋጥረው እየሮጡ መጡ።

«ማል ታቴ? ምን ሆነች? በይ ቶሎ በጥብጠሽ በማንኪያ ስጫት!»

«ስኳር ተከልክላለች፣ አዴ።»

«ከሞተች በኋላ ነው የምትፈቅጂላት?»

ብርጭቆው ውስጥ ውሃ ቀድቼ፣ ስኳሩን ፈትቼ ቆምኩ። በሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ያስተማሩን ይህንኑ ነው፤ ልጅ ሲያስመልሰውና ሲደክም ስኳርና ጨው በውሃ። ብሰጣት መልሶ ሊጥላት ነው፣ የስቃይዋ ቀናት ከንቱ ሊቀሩ ነው። ባልሰጣት ደግሞ ልትሞትብኝ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? ሐኪሙ ግን «አልነቃ ካለች ይዘሻት ነይ» ብለዋል። ብርጭቆውን አስቀምጬ መሲን በጀርባዬ አዘልኩ። አዴ ነፊሳ የጠዋቱን እንቁላል ከነሳህኑ በጨርቅ ቋጥረው ያዙልኝ፣ ስኳሩንም በጉያቸው ሸጉጠው ተከተሉኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ የሉም። ወደ አጋሮ ለሥራ ወጥተዋል፣ በማግሥቱ ነው የሚመለሱት። አግዳሚው ሞልቷል። አንድ ዶሮ የታቀፉ የገጠር ሽማግሌ የመሲን አንገት ሲያዩ ተነሱና ተራቸውን ለቀቁልን። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ስማቸውን አላውቅም።

ተረኛው ጋሼ መኮንን የሚባሉ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ ነበሩ። አይተዋት ወዲያው «ግሉኮስ ይሰቀልላታል» አሉና ጠርሙስ አነሱ።

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ግሉኮስ ስኳር ነው አይደል?»

«ታዲያ ጨው ነው?»

«ዶክተሩ ስኳር ከልክለዋታል። የሚጥል በሽታ አለባት። እህል አቁማ ቅቤ ነው የምትበላው፣ እሱ ነው ያሻላት…» ስናገር ለራሴም የእብድ ወሬ መሰለኝ።

ካርዷን አውጥተው የሐኪሙን ጽሑፍ አነበቡ። ከዚያም አኮረፉ። «እትዬ፣ እኔ በማላውቀው ምግብ ልጅ በእጄ አትሞትም። ስኳሯ ወርዶ ከሆነ ይሄንን አለመስጠት መግደል ነው።»

«ካልወረደስ?»

«ካልወረደማ…» ብለው ወደ መሲ ጎንበስ አሉ። ግንባሯን ዳሰሱ፣ ላብ የለም። እጇን ዘርግተው አዩ፣ አይንቀጠቀጥም። «ስኳር ሲወርድ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል» አሉ። ጆሮዋን ቆንጠጥ ሲያደርጓት «እምም» ብላ ፊቷን አዞረች። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጠው ለቀቁት፤ እንደ ተቆነጠጠ ቀረ። «ደርቃለች። ምን ስትበላ ነው የከረመችው?»

ሳህኑን ፈታሁ። አዩት፣ አሸተቱት። «ጨው አለው?»

«አለው፣ አደርግበታለሁ።»

«ምን ያህል?»

«ጾም ላይ ነኝ፣ ጋሼ። አልቀምሰውም። እሷ ናት የምትቀምሰው፣ ደህና ነው ትለኛለች።»

ማንኪያውን አነሱና መልሰው አስቀመጡት። «እኔም ጾመኛ ነኝ» አሉ። እንደዚያ ልጄ ተዘርራ፣ ሁለታችን ክርስቲያኖች አንድ ሳህን እንቁላል ከበን ቆምን።

አዴ ነፊሳ ከኋላችን ብቅ አሉ። «ኧረ ማሎ፣ እንቁላል አይደል? ወዲህ በሉት!» በጣታቸው ቆንጥረው ጎረሱ። ፊታቸው ተኮማተረ። «ያ ረቢ! ይሄማ ጨው የሚባል አልጎበኘውም። ቅቤ ብቻ! እኔ ጤነኛዋ እንኳን ይመልሰኛል።»

ጋሼ መኮንን ሳይፈልጉ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በጾም ለሌላ ሰው የፍስክ ነገር ስሠራ ድሮም ቀማሼ መሲ ነበረች፤ ጨው አነሰው፣ በዛ እያለች የምታስተካክለኝ እሷ ነበረች። በሕመሟ ቀናት ምላሷ ምን ይለይላታል? ብጠይቃት ሁሉንም «ደህና ነው» ትለኝ የነበረው እንድተዋት ነው። እኔ ደግሞ እንዳይበዛባት እየፈራሁ በጣቴ ጫፍ ነበር የምነሰንሰው።

«በይ እንዲህ እናድርግ» አሉ ጋሼ መኮንን። «የጨው ውሃ እሰቅልላታለሁ። ግሉኮሱን እዚህ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ይሄ ጠርሙስ ተጋምሶ ካልነቃች፣ ወይ ላብ ካጠመቃት፣ አንቺን አልጠይቅም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

መርፌው ሲገባ እንኳን አላለቀሰችም። ከዚያ ጠብታውን ማየት ጀመርኩ። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ውሃው እንዲወርድ እፈልጋለሁ፣ እንዳይጋመስም እፈልጋለሁ። ግሉኮሱ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እያበራበት ቆሟል። አንዳንዴ «ስቀሉላት» ብዬ ልጮህ አፌን እከፍታለሁ። አዴ ነፊሳ የመሲን እግር እያሹ በልባቸው ይለምናሉ፣ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ» ይሉኛል።

ጋሼ መኮንን እየተመላለሱ ግንባሯን ይዳስሳሉ። በመጨረሻ መጥተው ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ። እጃቸው ግሉኮሱ ላይ ሳለ ነው አዴ ነፊሳ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው የጮኹት። መሲ አንሶላው ላይ ሸንታ ነበር።

«ሽንቷ መጣ?» አሉ ጋሼ መኮንን፣ እየሮጡ ተመልሰው። እንደዚያ በሽንት የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም። ጉንጯን መታ መታ አደረጓት። «መሠረት! አንቺ መሠረት!»

ዓይኗን ገልጣ አየቻቸው። ከዚያ እኔን ፈለገች። «እማዬ» አለች፣ ድምጿ ሰልሎ፣ «እንቁላል እንዳትሰጪኝ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሲመለሱ «ጨው እንዳይጎድል ማለቴ በቂ አልነበረም፤ መለኪያውን ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አሉኝ። በቡና ማንኪያ እየሰፈሩ አሳዩኝ። አስተኝተው ጥቂት ቀን አቆዩአት። ቅቤውን በአንዴ ከመስጠት በትንሽ በትንሹ ማብላት፣ ውሃ ሳትለምን ማጠጣት፣ ለሆድ ድርቀቱ ጎመን መጨመርና እሳቸው በፈቀዱት ልክ ተልባ መስጠት፤ እነዚህን ነው የተማርኩት። ተሰማ አንድ ዶሮ አርዶ መረቁን በጨው ይዞ መጣ። መሲ ፉት ብላ «ጨው በዛው» ስትል ሐኪሙና አባቷ እኩል ሳቁ። ከዚያ ሳምንት በኋላ ራስ ምታቱ ተዋት፣ ማስመለሱም ቆመ፣ ዓይኗ ተከፈተ። ቀጥ ማለቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ክኒኗንም ሐኪሙ ቀስ በቀስ ቀነሱላት፤ ዴስክ ላይ መተኛቷ ቀረ።

እናቶች ሆይ፣ ይህን ምግብ ያለ ሐኪም በራሳችሁ አትጀምሩ። ለመሲ ሆነ ማለት ለሁሉም ይሆናል ማለት አይደለም፤ በዚያው ሆስፒታል ሞክረው ያልሆነላቸው ልጆች አይቻለሁ። ከጀመራችሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የምታበሉትንም ጾመኛ ከሆናችሁ የማይጾም ሰው ይቅመስላችሁ።

ሁለት ዓመት ያህል እህል ሳትቀምስ ቆየች። ከዚያ ሐኪሙ እህል በጥቂት በጥቂቱ እንድትጀምር አዘዙ። ያ ቀን ከሆስፒታሉ ቀን ይልቅ አስፈራኝ። ተሰማ ከዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ ገዝቶ መጣ። ሐኪሙ ያሉትን ያህል ቆርሼ ሰጠኋት። ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችው። እኔ ጣቶቿን አያለሁ፣ ቀጥ ይሉ እንደሆነ፤ ዓይኗን አያለሁ፣ ይፈዝ እንደሆነ። አፏ ድረስ አመጣችውና መለሰችው።

«ምነው?» አልኳት።

«እማዬ፣ እንደዚህ ስታዪኝ መብላት አልችልም።»

ተሰማ በእጁ ትከሻዬን ይዞ ወደ ግድግዳው አዞረኝ። እንደዚያ ቆሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ስታኝክ አዳመጥኩ።